ማቴዎስ ወደ እኛ አልመጣም

ባለፈው ወር በተማሪዎች መሰብሰቢያ አዳራሽ በተደረገው ክርክር ላይ የነበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ታስታውሱት ይሆናል። የክርክሩ ርእስ ሌላ ነበር፤ ይሁንና በእኛ ዘንድ እንደ ተለመደው ሰዓቱ ሳይጋመስ ነገሩ ወደ ታሪክ ዞረና አንድ የሕግ ተማሪ ተነሥቶ፣ «እኛ ክርስትናን ከሐዋርያ እጅ የተቀበልን ሕዝብ ነን፤ ቅዱስ ማቴዎስ ኢትዮጵያ መጥቶ እንደ ሰበከና እዚሁ በሰማዕትነት እንዳረፈ የላቲን መጻሕፍት እንኳ ይመሰክራሉ» አለ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ገና ሳይበርድ ደግሞ ከወደ ኋላ የተቀመጠ የሳይንስ ተማሪ፣ «ገድል ተረት ነው! ተረት ማስረጃ አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። ለእርሱም ተጨበጨበለት። ከሁለቱ አንዳቸውም መጽሐፉን እንዳላነበቡት የምናገረው በግምት አይደለም፤ ስንወጣ በር ላይ ይዤ ሁለቱንም ጠይቄአቸዋለሁ።

እኔም ብሆን እስካለፈው ክረምት ድረስ ከእነርሱ የምሻል አልነበርሁም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለመዝለፍ አይደለም። ሆኖም የተማርን ነን እያልን ያላየነውን ምስክር የምንጠራበት፣ ያላየነውንም መጽሐፍ የምንሰድብበት ልማድ ይህች መጽሔት ዝም ብላ ልታልፈው የሚገባ አይመስለኝም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ የላቲኑ መጽሐፍ የሚለውን እንስማ። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ገዳማት፣ ይልቁንም በፍራንኮች አገር፣ የየሐዋርያውን ስብከት፣ ተአምርና አሟሟት የሚተርኩ ድርሰቶች በብራና እየተገለበጡ ይሰበሰቡ ነበር። እነዚህ በአዲስ ኪዳን ከምናውቀው ከግብረ ሐዋርያት ውጭ ያሉ ናቸው። ብዙዎቹ መነሻቸው ግሪክ ሲሆን ላቲኖቹ ለእምነታቸው ያልተስማማውን እየቈረጡ፣ የጣማቸውን እያስረዘሙ፣ በየሐዋርያው በዓል እንዲነበቡ አድርገው አዘጋጁአቸው። በ1552 ቮልፍጋንግ ላትሲዩስ የተባለ ምሁር ስብስቡን በባዝል ከተማ በማተሚያ አወጣው፤ በሽፋኑም ላይ ደራሲው የሐዋርያት ደቀ መዝሙር የነበረው የባቢሎን ጳጳስ አብድዩስ ነው ተባለ። ዛሬ ይህን የሚያምን ሊቅ የለም። ድርሰቶቹ ከሐዋርያት በብዙ መቶ ዓመታት ያነሱ ናቸው።

የማቴዎስ ታሪክ በዚህ ስብስብ ውስጥ እጅግ ያምራል። ሐዋርያው ናዳቨር ወደምትባል የኢትዮጵያ ከተማ ይመጣል። በዚያ ዛሮኤስና አርፋክሳት የሚባሉ ሁለት ጠንቋዮች ሕዝቡን ያስጨንቃሉ፤ ዘንዶም ያስከትላሉ። በቤቱ የሚቀበለው ማን መሰላችሁ? በግብረ ሐዋርያት ፊልጶስ ያጠመቀው የህንደኬ ጃንደረባ ነው። ማቴዎስ የንጉሡን የኤግሊጶስን ልጅ ከሞት ያስነሣል፤ ንጉሡና ቤተ ሰቡ ይጠመቃሉ፤ የንጉሡ ልጅ ኤፊጌንያም ድንግልናን መርጣ የደናግል አለቃ ትሆናለች። ኤግሊጶስ ሞቶ ሂርታኩስ ሲነግሥ ግን ኤፊጌንያን ላግባ ይላል፤ ሐዋርያው አይሆንም ይለዋል፤ ንጉሡም ገዳይ ልኮ በመሠዊያው ፊት ከኋላው በሰይፍ ያስወጋዋል። ካራቫጆ በ1600 ሮም ውስጥ ለሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን የሣለው ዝነኛ ሥዕል ይኸንኑ ነው። እንግዲህ የአውሮፓ ሰው ያን ሥዕል ቀና ብሎ ባየ ቍጥር የሚያየው «በኢትዮጵያ» የሆነውን ነው ማለት ነው።

የሕግ ተማሪው ወንድሜ እዚህ ላይ «ታዲያ ያልሁት ይኸው አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። ግን ሕግ የሚማር ሰው ምስክር ሲቀርብለት የምስክሩን ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማል እንጂ ከመካከል አያቋርጥም። በ402 ገደማ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ፣ ሐዋርያት ዓለምን በዕጣ ሲካፈሉ ጳርቴ ለቶማስ፣ ኢትዮጵያ ለማቴዎስ እንደ ደረሰች ይናገራል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እስከዚህ ድረስ ነው። ሩፊኖስ ግን በዚያው ቦታ ቀጥሎ፣ ከዚያ ወዲያ ያለችው የሩቅዋ ህንድ የሐዋርያት ስብከት እንዳልደረሳት ጽፎ፣ በቈስጠንጢኖስ ዘመን ከጢሮስ የመጡ ሁለት ወንድማማች ብላቴኖች በዚያች አገር ተይዘው በቤተ መንግሥት እንዳደጉ፣ ታላቁም ወደ እስክንድርያ ወርዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ እንደ ተመለሰ ያወራል። ታላቁ ፍሬምናጦስ ነው፤ የእኛ አባ ሰላማ። ሩፊኖስ ታሪኩን ከታናሽየው ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል።

ልብ ይሏል! ሩፊኖስ «ኢትዮጵያ» ሲል አክሱምን ማለቱ አይደለም። አክሱም በእርሱ አነጋገር «የሩቅዋ ህንድ» ናት። ለግሪኮችና ለላቲኖች «ኢትዮጵያ» ማለት ብዙውን ጊዜ ከግብፅ በላይ ያለው የጥቍሮች ምድር፣ በተለይም የኑብያ አገር ነበር፤ ህንደኬም የመርዌ ንግሥታት የማዕረግ ስም ነው። ስለዚህ እኛ ማቴዎስ መጣልን ብለን የምንጠራው ምስክር እኛን ለይቶ «ወደ እነዚህስ ሐዋርያ አልሄደም» የሚል ሆኖ ተገኘ። በክርክር አዳራሽ የገዛ ምስክርን በገዛ እጅ መርታት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መጽሐፍ ልመለስ፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። እኛም ከላቲኖቹ ጋር የሚጐዳኝ መጽሐፍ አለን፤ ስሙ ገድለ ሐዋርያት ይባላል። ታሪኮቹ ከግሪክ ወደ ቅብጥ፣ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ ተሻግረው በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሱ ናቸው። እኔ የተወለድሁት በአዊ፣ አዘና አጠገብ ነው። በአገራችን ክረምት ዝናም ሳያባራ ሳምንት ሊያልፍ ይችላል፤ የቀርቀሃው ዐጥር ሳይቀር ሻጋታ ያወጣል። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ወርጄ የሰኔ ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈራችንን ደብር መሪጌታ ገድለ ሐዋርያትን እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። ከማኅደሩ አወጡልኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ገለጥሁት፤ ቀይ ቀለሙንና ጥቍሩን አየሁ፤ ሐረጉን አደነቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማደርገው ጠፋኝ። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ቃሉን ግን አላውቀውም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ስድስት ኪሎ ገብቼ፣ ስለ ቻውሰር ድርሰት ጽፌ «ኤ» ያገኘሁ ሰው ነኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመት የማይሞላው ዲያቆን በትከሻዬ ላይ አንጋጦ ያለ ችግር ማንበብ ጀመረ።

ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ፣ «የኔታ፣ ማቴዎስ በኢትዮጵያ የሰበከበትን ያሳዩኝ» አልኋቸው። ቅጠሉን በቀስታ እየገለጡ ብዙ ቈዩ።

«ሀገረ ካህናት ነው የሚለው፣ ልጄ» አሉኝ። «ጌታ በወጣት አምሳል ተገልጦለት፣ ጠጕርህን ተላጭተህ ዘንባባ ይዘህ ግባ ይለዋል። በከተማዪቱ የአጵሎን ጣዖት ነበረ። ኢትዮጵያ የሚል የለበትም። አንተ ከየት አመጣኸው?»

«ከላቲን መጽሐፍ ነው፣ የኔታ።»

«ይህን ያህል ከወደዱን ደግ ነው» አሉና ሳቁ። «እኛ ግን ያልተጻፈውን አናነብም።»

እስቲ ይህን ነገር አስቡት። ማቴዎስ ወደ ኢትዮጵያ መጣ ቢባል ከማንም ይልቅ የሚጠቀሙት የእኛ አባቶች ነበሩ። ብራናው በእጃቸው፣ ብዕሩ በእጃቸው ነው፤ ተርጓሚውም ገልባጩም የራሳቸው መነኵሴ ነው፤ የሚቈጣጠራቸው ፈረንጅ የለም። «ሀገረ ካህናት» የሚለውን ፍቀው «አክሱም» ቢሉት ማን ይከለክላቸው ነበር? አላደረጉትም። በዐረብኛው ያገኙትን አኖሩ፤ የሐዋርያነትን ክብር ፍሬምናጦስን «ከሣቴ ብርሃን» በማለት ለሚገባው ሰጡ። የዒዛናም ገንዘብ ከእነርሱ ጋር ይስማማል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ጨረቃው ቀርቶ መስቀል የወጣበት ያ ገንዘብ ነው። በእርግጥ አባቶቻችን ለአገራቸው ክብር አንዳንድ ነገር አልጨመሩም አልልም፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። በዚህ ነገር ግን ከእኛ ከልጆቻቸው ይልቅ እነርሱ ተጠንቅቀዋል። ዛሬ ያልተጻፈውን የምናነብ እኛ ነን።

ማታ ለአያቴ የላቲኑን ታሪክ አጫወትኋት። አያቴ ከአውንጊ በቀር አትናገርም፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አፍዋ ላይ አይቀናትም። በላቲኑ ውስጥ ጃንደረባው ማቴዎስን፣ አንተ ዕብራዊ ሆነህ ይህን ሁሉ ቋንቋ እንዴት ዐወቅህ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለ፤ ሐዋርያውም በባቢሎን ግንብ ቋንቋ እንደ ተደባለቀ፣ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ግን የሕዝቡ ሁሉ ልሳን ለሐዋርያት እንደ ተገለጠላቸው ይመልስለታል። አያቴ እዚህ ላይ አቋረጠችኝና፣ «ታዲያ አገውኛም ይችል ነበራ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። አያቴ ሰባ ዓመት ሙሉ በየሐዋርያው በዓል ቆማ ይህን ገድል ሰምታለች፤ አንድም ቀን ግን በሚገባት ቋንቋ አልሰማችውም። ታሪኩ ከግሪክ ተነሥቶ አራት ቋንቋ ተሻግሮ በረሓና ባሕር አቋርጦ ደጃችን ደረሰ፤ ከደጃችን ወደ ምድጃችን ግን አልገባም። ጀምስ ብሩስ በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ በአገዎች አገር አልፎ በመጣ ጊዜ መኃልየ መኃልይን በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አስተርጕሞ ወስዶአል፤ ከእነርሱም አንዱ የዳሞት አገው ነው። እንግዲህ አንድ እስኮትላንዳዊ ለአገሩ ቤተ መጻሕፍት ያደረገውን እኛ ለአያቶቻችን ጆሮ አላደረግንም።

ወደ ሳይንስ ተማሪው ልምጣ። እርሱ ከሕግ ተማሪው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ይመስላል፤ በዘንዶውና በጠንቋዩ ላይ ከእርሱ ጋር አልከራከርም። ነገር ግን «ተረት ነው» ብሎ መጽሐፉን መዝጋት ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት መጨረስ ነው። በላቦራቶሪው ውስጥ እንዲህ ቢያደርግ አስተማሪው ዜሮ ይሰጠዋል። የማቴዎስ ታሪክ ስለ ማቴዎስ ምንም ባይነግረን፣ ፈጽሞ ያላዩትን አገር ጻድቅ ንጉሥና ድንግል ልዕልት የሰጡት የአውሮፓ መነኮሳት ጥቍሩን ሕዝብ እንዴት ያስቡት እንደ ነበረ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ስለ እኛ ከጻፉት ብዙ ነገር ይልቅ ይህ የከበረ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በገድለ ሐዋርያት ውስጥ ማትያስ ሰው በሚበሉ ሰዎች ከተማ ታስሮ እንድርያስ ሊያስፈታው በመርከብ ሲሄድ ይገኛል፤ መርከበኛው ጌታ ራሱ ነው፤ እንድርያስ ግን አያውቀውም። የእንግሊዝኛ ክፍል ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ይደነግጡ ይሆናል፤ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «አንድሬያስ» የተባለው ረጅም ግጥም ይኸው ታሪክ ነውና። ግጥሙ የሚገኘው ጣልያን አገር በቨርቼሊ ከተማ በተቀመጠ የ10ኛው መቶ ዓመት ብራና ላይ ነው። አንድ ታሪክ በአንድ ወገን ወደ ሰሜን ባሕር፣ በሌላ ወገን ወደ አዘና ዝናም ደረሰ። ይህ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ ሳይንስ ካልሆነ ሳይንስ ምን እንደሆነ ወንድሜ ያስረዳኝ። ደግሞም የእኛ ብራና ሌላው ዓለም የጣለውን ማኖሩን አንርሳ፤ መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተገኙት በግእዝ ብቻ ነው። ያኔ አንዱ አንባቢ «ተረት ነው» ብሎ ብራናውን ለከበሮ ቆዳ አውሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዓለም ሄኖክን በቍርጥራጭ ብቻ ያውቀው ነበር።

አሁን በዕዳዬ ላይ ልናገር። የደብራችን ገድለ ሐዋርያት መጨረሻው ላይ ጐድሎአል። የቶማስ ገድል፣ ሐዋርያው ለነጋዴ ከተሸጠበት ስፍራ ላይ ቁርጥ ይላል፤ ቀሪዎቹ ቅጠሎች መቼ እንደ ወደቁ ወይም ማን እንደ ወሰዳቸው የሚያውቅ የለም። (በከተማ የሥጦታ ዕቃ ሱቆች በመስተዋት ገብተው የሚሸጡትን ነጠላ ብራናዎች ባየሁ ቍጥር ልቤ ይሠጋል።) መሪጌታ ስንለያይ እንዲህ አሉኝ፦ «እዚያ ትልቁ ትምህርት ቤት የጎደለውን ካገኘህ ገልብጠህ አምጣልኝ። ብራናውን እኔ አዘጋጃለሁ።»

ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ የገድለ ሐዋርያትን ግእዝ በ1899፣ የእንግሊዝኛ ትርጕሙን በ1901 አሳትሞአል፤ ያሳተመውም በብሪቲሽ ሙዚየም ከነበሩ ብራናዎች ነው። ያ ሙዚየም ግእዝ መጻሕፍቱን በምን መንገድ እንዳበዛቸው ለናንተ መንገር አያሻም፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው 350 ያህል ብራናዎች ወደዚያ ገብተዋል። እንግዲህ አዘና ላይ የጐደለውን ቅጠል ለንደን ከታተመ መጽሐፍ እገለብጣለሁ ማለት ነው። ደስም ይለኛል፤ ይቈጨኛልም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ገና አልወሰንሁም።

እግረ መንገዴን ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጥራዞችን አትርፎአል፤ ያልደረሰባቸው አጥቢያዎች ግን ስፍር ቍጥር የላቸውም። እኛ በየክረምቱ ወደ እነዚያው አጥቢያዎች እንሄዳለን። መጽሐፍ አንጠይቅ፤ ያለ ካህናቱ ፈቃድም ፎቶግራፍ አናንሣ። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የመጽሐፉን ስም፣ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ ከተገለጠ ዘመኑን፣ የጐደለውንም ብንጽፍና አንዱን ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱን እዚሁ በግቢያችን ላለው ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብንሰጥ ገንዘብም አያስወጣ፣ ጊዜም አይፈጅ። የጠፋ ብራና በስሙ ሊፈለግ ይችላል፤ ስሙ ያልተመዘገበ ግን ጠፋ ተብሎም አይከሰስም፤ ይህንን እንኳ የሕግ ተማሪው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ከቶማስ ገድል እስካሁን በእጄ የገለበጥሁት አሥራ አንድ ገጽ ነው። ሥራው ዝግተኛ ነው፤ ሐመሩን ሐና ሃሌታውን ሀ እያደባለቅሁ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጀምሬአለሁ። ግእዝ በሚገባ የሚያነብ፣ ይልቁንም የቅኔ ቤት ልጅ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ ከሐምሌ በፊት አብሮኝ ተቀምጦ ቃል በቃል እንዲያርምልኝ እለምናለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በመስኮቱ በኩል ባለው የመጨረሻው ጠረጴዛ አልጠፋም። ሁለቱ ተከራካሪዎችም ቢመጡ ወንበር አለ።